ሙሽሪት ጭራዬን አልሰበስብም ያለች ጊዜ

የዚህን ተረት አንዱን ጫፍ እኔ ይዣለሁ፤ ሌላውን እናንተ ያዙልኝ። ረዘም ይላል፤ እንዳይጠላለፍብን።

ደሴ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ሐመልማል የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሹሩባ መሠራት። ለዚህ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ቆዩ።

ፀጉሯን መጨረሻ የሠራቻት እናቷ እታገኝ ነበረች። ጎነጎነች፣ ጫፉን አሰረች፣ ግንባሯን ሳመቻትና የራሷን እናት ልትጠይቅ ኮምቦልቻ ወረደች። ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሐረጎ ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ መንገዱን ስቶ ገደል ገባ። እታገኝ አልተመለሰችም። ሹሩባው ግን ልጅቷ ራስ ላይ ቀረ። ላላ፣ ተቋጠረ፣ እንደ ምንጣፍ ተያያዘ። ሐመልማል ማንንም አላስነካም አለች።

«እማማ ደብሬ ትሥራኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካኝ!»

እማማ ደብሬ የእናቷ እናት ናቸው። እታገኝን ይህን አሠራር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ የሚያውቀው የለም። ቤታቸው ኮምቦልቻ ነው፣ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች።

አርብ ዕለት የልጅቷ አስተማሪ አባቷን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«አቶ አራጋው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፀጉሯ ቅማል ገብቶበታል። ሌሎቹም ልጆች ማከክ ጀምረዋል። ሰኞ ወይ ተሠርታ ትምጣ፣ ወይ ተላጭታ።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ይህንን ሰሙ። «ምላጭ እኔ አለኝ» አሉ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ፀጉር እንደሆን ይበቅላል።»

ፀጉር ይበቅላል፤ እውነት ነው። የእናቷ እጅ የነካው ግን ተመልሶ አይበቅልም። ይህን ለወይዘሮ ብርቄ ማን ይንገራቸው? አራጋው ስልኩን አወጣና አማቱ ዘንድ ደወለ።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ነገ ብቅ ቢሉልን። የልጅቷ ፀጉር…»

«እኔ?» አሉ እማማ ደብሬ። «በዚያ ገደል? ልጄን የበላውን መንገድ ረግጬ? አልወጣም ልጄ። ሬሳዬን ካልሆነ በቁሜ አያወጡኝም። አንተ አምጣልኝ፤ እጄ ገና ደህና ነው።»

አያቷ ዳገት አልወጣም አሉ፤ ፀጉሩም ሳይሠራ ዋለ።

አራጋው ወደ ሐመልማል ዞረ። «እንግዲህ እኛ እንወርዳለን። በሙሽሪት።»

ሙሽሪት የመኪናዋ ስም ነው። ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ሞተሯ ሲነሣ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ናት። አራጋው ከአንድ የሰርግ ሹፌር ገዛት፤ አራጋውም የሚተዳደረው ሙሽራ በማጓጓዝ ነው። ደሴ ላይ የሰርግ አጀብ ሲወጣ ሹፌሮች መኪናቸውን ግራና ቀኝ እያስደነሱ ይነዳሉ። እንደ ሙሽሪት የሚሆንላት የለም። ወገቧን ስትሰብቅ ሚዜዎቹ በመስኮት ግማሽ ድረስ ወጥተው «ጣላት! ጣላት!» እያሉ ይጮኻሉ። ፒያሳ ላይ ያምራል። ገደል አፍ ላይ ግን ማን «ጣላት» ይላል?

«አልገባም» አለች ሐመልማል።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ቀስ ስትልም ጭራዋን ትጥላለች። ባለፈው ሰርግ አስታውኬ የለ? ያቺ ሚዜ ቀሚስ ላይ!»

«እሱስ ኬኩ ነው።»

«ኬኩ አይደለም። ጭራዋ ነው።»

አባት ልጁን አየ። እግሮቿን ደጃፉ ላይ ተክላ ቆማለች። እውነቷን ነበር። ሙሽሪት መታጠፊያ ስታይ በጎኗ ትተኛለች፤ ከዚያ ጭራዋን፣ ማለት የኋላ ክፍሏን፣ ወደ ውጭ ትወረውራለች።

ሙሽሪት ጭራዬን አልሰበስብም አለች፤ ልጅቷ መኪና አልገባም አለች፤ አያቷ ዳገት አልወጣም አሉ፤ ፀጉሩም ሳይሠራ ዋለ።

ለዚህ መድኃኒት እንዳለው አራጋው ያውቃል። የኋላውን ግራና ቀኝ ጎን የሚያያይዝ፣ መኪና በመታጠፊያ ላይ በአንድ ጎን እንዳትተኛ የሚይዝ ረጅም ዘንግ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ስታብላይዘር ይሉታል። ሙሽሪት ስትሠራ ከኋላ ይህ ብረት አልተገጠመላትም። ዘይነባ ሱቅ ግን ሁለት ተሰቅለው አይቷል። ዋናው ፋብሪካ የሠራቸው አይደሉም፤ ሌሎች በእሷ ልክ የሠሯቸው ናቸው። አንዱ እንደ መጥረቢያ እጀታ የወፈረ፣ ሌላው እንደ አውራ ጣት የቀጠነ።

ዘይነባ መለዋወጫ ትሸጣለች፤ ምላሷም እንደ ዕቃዋ ብዙ ዓይነት ነው።

«እሰይ፣ ባለ ሙሽራው! ማንን ልታገባልን ነው?»

«እትዬ ዘይነባ፣ ከእነዚህ ሁለት የትኛው ይሻላል?»

«ለሰርግ ከሆነ የትኛውም ይቅርብህ። ትሰብቅ እንጂ! ምን ልታደርጋት ነው፣ ልታመነኩሳት?» ብላ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «ወዴት ልትሄድ ነው አራጌ?»

«ሐረጎን ልወርድ። ልጄን ይዤ።»

ዘይነባ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። እታገኝን ታውቃት ነበር።

«ስማኝ» አለች ቀስ ብላ። «ወፍራሙን ካሰርክ መኪናዋ አትተኛም፤ ቀጥ ትላለች። ግን መንገዱ እርጥብ ከሆነ የኋላ ጎማዋ ያመልጣል፤ ሲያመልጥም አስቀድሞ አይነግርህም። ቀጭኑን ካሰርክ ጎማዋ መንገዱን ይይዛል፤ ግን ትንሽ ትተኛለች። ልጅቷ ትፈራለች።»

«አንቺ ብትሆኚ?»

«ወላሂ አልመርጥልህም። ለሰው የሸጥኩት ብረት ስንት ነው፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ግን በአንገቴ አላስገባም። መካኒክህን ገረመውን ጠይቀው። የሚያስረው እሱ ነው።»

አራጋው ወፍራሙን ነካው። ጭጋግ ውስጥ ጎማ ሲያመልጥ ታየው። እጁን ሰብስቦ ቀጭኑን ነካው። መኪናዋ ወደ ገደሉ ስታዘነብል ታየው። ሁለቱም ብረት ቀዝቃዛ ነበር። እጁ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዘይነባ አልመርጥም አለች፤ ብረቱ ሳልመረጥ አልታሰርም አለ፤ ሙሽሪት ጭራዬን አልሰበስብም አለች፤ ልጅቷ መኪና አልገባም አለች፤ አያቷ ዳገት አልወጣም አሉ፤ ፀጉሩም ሳይሠራ ዋለ።

ጋሽ ገረመው ጋራዡ ውስጥ ከአንድ አይሱዙ ሥር ተኝቷል። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«ማን ነው?» አለ እግሩ።

«አራጋው ነኝ፣ ጋሼ።»

«እህ። ያቺ ዳንሰኛ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?»

አራጋው ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ለእግሩ ነገረው፤ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ ሁለቱ ብረት። ጋሽ ገረመው ሳያቋርጠው አዳመጠ። ከዚያ ተንፏቆ ወጣ። ፊቱ ላይ ግሪስ አለ።

«በወሬ ብረት አልመርጥም። መኪና በጆሮ አይታወቅም፤ ይቅር በለኝና በቂጥ ነው የሚታወቀው። ነገ ጠዋት ሐረጎን ትወርዳለህ፤ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

«አንተ ንዳትና እይ። ቁልፉ ይኸው።»

«ልጅህን የምትጭነው አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ብረቱ የሚመረጠው ላንተ እጅ ነው። አንተ ፍሬን የምትይዝበትን ቦታ ነው ማየት የምፈልገው። እኔ ብነዳት ለእኔ የሚሆን ብረት ነው የምነግርህ።»

አራጋው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከአደጋው ቀን ወዲህ ሐረጎን አላየውም። ከኮምቦልቻ ሰርግ ሲመጣለት «ተይዣለሁ» ይላል። መናኸሪያው አጠገብ ሲያልፍ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» የሚለውን ጥሪ ላለመስማት የመኪናውን ሬዲዮ ይከፍታል። ሌሊት በሕልሙ የሚያየውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«አልወርድም» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ከእጅ እጅ ሲተላለፍ የዋለው ፍርሃት ዞሮ ዞሮ ከገዛ ጉያው ገባ። ሌላ የሚያቀብለው ሰው አልነበረም።

አራጋው ሐረጎን አልወርድም አለ፤ ገረመው ሳላይ አልናገርም አለ፤ ዘይነባ አልመርጥም አለች፤ ብረቱ ሳልመረጥ አልታሰርም አለ፤ ሙሽሪት ጭራዬን አልሰበስብም አለች፤ ልጅቷ መኪና አልገባም አለች፤ አያቷ ዳገት አልወጣም አሉ፤ ፀጉሩም ሳይሠራ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ በጭጋግ ተሸፍና ነቃች። ወይዘሮ ብርቄ እንዳሉት መጡ። በአንድ እጃቸው ሳፋ፣ በሌላው ምላጭ።

«ነይ የኔ ቆንጆ። ቶሎ ነው የማበቃው። ከረሜላም አለኝ።»

ሐመልማል ምላጩን አየች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ወደ ኋላ ሄደች፤ ግድግዳው አስቆማት። አባቷን አየች። አባቷ መሬት መሬት ያያል። ያኔ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። በወይዘሮ ብርቄ ጎን ሾልካ ግቢውን በሩጫ አቋረጠች። የሙሽሪት በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

አራጋው ተከትሏት ወጣ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ሥር ተጣጥፋ ገብታለች። ጉልበቷን አቅፋለች። አልገባም ያለችው መኪና ውስጥ።

«ሐሙ።»

«ንዳ!» አለች ከሥር። «ጭራዋን ብትጥልም ንዳ!»

አራጋው የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። ምላጭ ለእሷ ከገደል በልጧል። እሱ ደግሞ ይህን እያየ ቆሟል። ከሐረጎ የባሰ የሚፈራው ነገር እንዳለ ያኔ አወቀ፤ ይቺ ልጅ አንድ ቀን «እዚያ ቆመህ ዝም አልክ» ትለው ይሆናል።

«ዛሬ አንቺ አትወርጂም» አላት። «መጀመሪያ እኔ ልውረድ። ነገ ትወርጃለሽ። እትዬ ብርቄ፣ ምላጩን ያስቀምጡልኝ። ልጅቷን ብቻ ይያዙልኝ።»

«ምን ነካህ አንተ ልጅ? በዚህ ጭጋግ?»

«በዚህ ጭጋግ።»

ጋራዡ ደጃፍ ላይ ጋሽ ገረመው የሙሽሪትን በር ከፈተ። ገባ፣ ተቀመጠ፣ መዳፉን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

ከተማው አለቀና ቁልቁለቱ ተጀመረ። ጭጋጉ መንገዱን ከፊታቸው እየቆረጠ ይበላል። ሽቅብ የሚመጣ የጭነት መኪና መብራት ድንገት ብቅ ይልና ያጓራል፤ ያልፋል። አራጋው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሙሽሪት ተኛች፤ ጭራዋ ሄደ፤ ተመለሰ። ሁለተኛው ላይ የባሰ ተኛች።

«ትንፋሽ» አለ ጋሽ ገረመው።

«ምን?»

«ተንፍስ ነው የምልህ። የሞተ ሹፌር አልወድም።»

ተነፈሰ። የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ከገደሉ አፍ ተደርድረዋል፤ አንደኛው ቦታ ላይ ግን ክፍት ነው። እዚያ ነበር። የአራጋው እግር ፍሬኑን ረግጦ ደነዘዘ። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፣ በጎኗ ወደቀች፣ የኋላ ጎማዎቿ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተቱ። ክፍቱ ቦታ በመስኮቱ ቀስ ብሎ ወደ እሱ መጣ። ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ጎማው መንገዱን ያዘ።

«እዚያ ጋ፣ ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ቁም» አለ ጋሽ ገረመው። ግሪስ ያለበት ፊቱ አመድ መስሏል።

ቆሙ። ጋሽ ገረመው ወርዶ አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኛና ከአፍንጫዋ ሥር ገባ። ቆየ። አራጋው መሪውን አልለቀቀም።

«ና እይ» አለ ከሥር። «ችግሩ ከኋላ አይደለም። ፊቷ ላይ ብረት አለ፤ ከፋብሪካ የመጣ። ሁለቱም ጫፉ ግን ተፈትቷል፤ እንዲሁ ተንጠልጥሏል። ሆን ተብሎ ነው የተፈታው።»

«ማን ፈታው?»

«የሰርግ ሹፌር ነዋ! ያለዚያ እንዴት ትደንሳለች? የዚህ ከተማ የሰርግ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው። የሸጠልህ ሰው ፈትቶ ተጫወተባት፤ ሲሸጥ ረሳው።» እጁን እየጠረገ ወጣ። «ፊቷ እንደ ተፈታ ወፍራሙን ብረት ኋላዋ ላይ ብናስር ኖሮ…»

«ኖሮ?»

ጋሽ ገረመው ወደ ነጫጮቹ ድንጋዮች አየ። አልጨረሰውም።

አራጋው ትናንት እጁ መጀመሪያ የነካው ወፍራሙን እንደነበረ አስታወሰ። ለፈራ ሰው እጅ የሚቀርበው ወፍራሙ ነው። ልጁን ኋላ አስቀምጦ፣ ቀበቶዋን አስሮ፣ «አሁን አትፍሪ» ብሎ ሊወርድ ነበር። መንገዱ ዳር ተቀመጠ።

«መጀመሪያ የፊቱን እናስራለን» አለ ጋሽ ገረመው አጠገቡ እየተቀመጠ። «ከዚያ ቀጭኑን ከኋላ። ፍሬን ቀድመህ ነው የምትይዘው፤ ፈሪ ነህ። ለፈሪ ቀጭን ይበቃዋል። ይህ ስድብ አይደለም።»

እንግዲህ ጫፉን አጥብቃችሁ ያዙ፤ አሁን ወደ ኋላ ይመለሳል።

ምላጩ ልጅቷን አስፈራ፤ ልጅቷ መኪና ገባች፤ ልጅቷ ስትገባ አባቷ ሐረጎን ወረደ፤ አባቷ ሲወርድ ገረመው አየ፤ ገረመው አይቶ ተናገረ፤ ገረመው ሲናገር ዘይነባ ቀጭኑን ከግድግዳው አወረደች፤ ከእሱ ጋር አዲስ ጎሚኒ፣ ብረቱ የሚያርፍበትን ጎማ፣ ጨምራ «ይኼ ከእኔ ነው፤ ለብረቱ መቀመጫ» አለች። ብረቱ ተመረጠ፤ ብረቱ ታሰረ፤ የፊቱም ታሰረ፤ ሙሽሪትም ጭራዋን ሰበሰበች።

እሑድ ጭጋጉ ቀለል ብሎ ነበር፤ አልጠፋም። ሐመልማል ከኋላ ተቀምጣ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ይዛለች። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ትንሽ ዘንበል ብላ ተመለሰች። ሁለተኛውም እንዲሁ።

ነጫጮቹ ድንጋዮች መጡ። ክፍቱ ቦታ መጣ። ሙሽሪት ዞረች፤ ጭራዋም ተከተላት። ክፍቱ ቦታ ወደ ኋላ ቀረ።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የማትተነፍሰው?»

«እተነፍሳለሁ።»

«አትተነፍስም። እኔም አልተነፈስኩም።»

አራጋው መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ። ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ ሁለቱም ሳቡት። ሐመልማል ድንጋዮቹ ምን እንደሆኑ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራትም።

እማማ ደብሬ ኮምቦልቻ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ከጠዋት ጀምረው እንደ ቆሙ ጎረቤት ነገረው። ልጅቷን አቅፈው አልለቅም አሉ፤ ከዚያ ዱካ መቀመጫ ላይ አስቀመጧትና ጣታቸውን ፀጉሯ ውስጥ ሰደዱ። አንዷ ጉንጉን ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼ የእታገኝ እጅ ነው» አሉ። «እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትሳሳት ነበር። ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።»

እማማ ደብሬ ያችን ጉንጉን በጣታቸው መካከል ይዘው ቆዩ።

«ፍቺው እማማ» አለች ሐመልማል። «ይጎትተኛል።»

ፈቱት። ያልተፈታውን ቆረጡት፤ የቀረውን በሚዶ አበጠሩ፤ ቅቤ ቀቡና መጎንጎን ጀመሩ። አራጋው ከማዶ ተቀምጦ እጃቸውን ያያል። ሲጨርሱ ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ጫፎቹ ጉንጯን መቱት። ሳቀች።

«ሲላላስ ማን ይሠራኛል?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺ ደሴ አትወጪም።»

«አልወጣም» አሉ እማማ ደብሬ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «እሱን እንኳ አልዋሽሽም፣ ልጄ።»

«እሺ፤ እኔ እወርድልሻለሁ። ሁልጊዜ። አይደል አባዬ?»

አራጋው ከመስኮቱ ውጭ ተራራውን አየ። ጭጋጉ ላይኛውን መንገድ ውጦታል። ክረምት ይገባል፤ መንገዱ ይረጥባል፤ ያ ክፍት ቦታ እዚያው ይጠብቃል። ቀጭኑ ብረት ትንሽ መሰለው። ፈራ። እንደ መጀመሪያው ቀን ፈራ።

«እሺ» አለ።